ፔስሜከር የተገጠመላቸው እናት መቼ ወደ ምጣዳቸው ይመለሳሉ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች እያስረከበች ነው ያሳደገችን። ከጥቂት ወራት በፊት ምጣድ ላይ እያለች ራሷን ስታ ወደቀች። የልቧ ምት በደቂቃ 34 ነው ተባልን። አዲስ አበባ ወስደናት በግራ ደረቷ በኩል ፔስሜከር ተገጠመላት። ይኸው ዘጠኝ ሳምንት ሆናት። ደህና ናት፤ ግን እጇን እንዳታንቀሳቅስ ብለን ሁሉንም ነገር የምንሠራላት እኛ ነን። አሁን ግራ እጇ ወደ ላይ አልነሳ ብሏታል። ጎረቤቶች ደግሞ ኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብ ከደረሰች መሣሪያው ይቆማል ይላሉ። እሷ ልጋግር ትላለች። ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ካልሄድኩ እያለችም ታለቅሳለች። የሦስት ወር ቀጠሮዋ አዲስ አበባ ነው። ደህና ከሆነች የግድ መሄድ አለባት? ምን እናድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። እናትሽ መጋገር ይችላሉ። ዘጌም መሄድ ይችላሉ። የአዲስ አበባው ቀጠሮ ግን በምንም ምክንያት መቅረት የለበትም። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ምጣዱ አይደለም። አልነሳ ያለው እጃቸው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የወደቁበትን ምክንያት እንይ፤ የሰፈሩ ፍርሃት የመጣው ከዚያ ስለሆነ። ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር አለው። ትእዛዙ ከላይኛው ክፍል ይነሳና ወደ ታችኛው ይወርዳል። ደሙን ወደ ሰውነት የሚገፋው ታችኛው ክፍል ነው። በዕድሜ ብዛት፣ አንዳንዴም በሌላ የልብ ሕመም፣ መስመሩ ይጎዳና ትእዛዙ መንገድ ላይ ይቀራል። ያኔ ታችኛው ክፍል በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይመታል። 34 የሚለው ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር እንደገጠማቸው ይጠቁማል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲያንስ ሰው ዓይኑ ይጨልምበትና ይወድቃል። እናትሽ ያን ቀን ቅዳሴ ላይ ቢሆኑ ቅዳሴ ላይ፣ ገበያ ቢሆኑ ገበያ ላይ ይወድቁ ነበር። ምጣዱ አልጣላቸውም። ግን ምጣድ አጠገብ ስለወደቁ ሰው ሁለቱን አገናኛቸው። እንዲህ ማሰቡ አያስገርምም።

ፔስሜከሩ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ሣጥን ነው። ውስጡ ባትሪ አለ። ከሣጥኑ የሚነሳው ሽቦ በደም ሥር ገብቶ ልብ ውስጥ ይደርሳል። መሣሪያው የልብን ምት እየተከታተለ ይጠብቃል። ልብ ሲዘገይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይሰጠዋል፤ በራሱ በደንብ ሲመታ ዝም ይላል። ከቤታችሁ ቆጣሪ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። መብራት ጠፋ መጣ አይመለከተውም። ይህን የምለው «መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል ወይ?» ብለው በእውነት ተጨንቀው የሚጠይቁኝ ሰዎች ስላሉ ነው። አይጠፋም።

አሁን ወደ እጃቸው እንምጣ።

ከሆስፒታል ሲወጡ «ግራ እጅዎን ከትከሻ በላይ አያንሱ፣ ከ5 ኪሎ በላይ አይሸከሙ» ተብለው ይሆናል። ትክክለኛ ምክር ነው። የሽቦው ጫፍ ልብ ጡንቻ ውስጥ የሚሰካው ገና ያን ቀን ነው። አካባቢው ጠባሳ አበጅቶ እስኪይዘው ድረስ በኃይል ከተሳበ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥንቃቄው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ነገር ግን «ከትከሻ በላይ አታንሱ» የተባለው ቤት ሲደርስ «አታንቀሳቅሱ» ይሆናል። ልጆች ከፍቅር ብዛት እናታቸውን ያጎርሳሉ፣ ያለብሳሉ፣ ጸጉር ያበጥራሉ። እጁ ደረት ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። ትከሻ ደግሞ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። የመገጣጠሚያው ሽፋን ይኮማተራል። ከዚያ ማንሳት ያማል፤ ስለሚያም አይነሳም፤ ስለማይነሳ ይብሳል።

ራስሽን አትውቀሺ። በዚያ የጭንቀት ሰዓት በሩጫ የተነገረ ምክር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክርንን ከትከሻ በታች አድርጎ መብላት፣ ፊት መታጠብ፣ ጣትና ክርን ማንቀሳቀስ ይፈቀዳል፤ ይመከራልም። ዘጠኝ ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ የሽቦው ስጋት በእጅጉ ቀንሷል። ቁስላቸው ድኖ ከሆነና ሐኪማቸው የተለየ ነገር ካላለ፣ ትከሻውን ማፍታታት ዛሬውኑ ይጀመር።

እንዲህ ይሁን። በቀኝ እጃቸው ጠረጴዛ ይደገፉና ትንሽ ጎንበስ ይበሉ። ግራ እጃቸውን ልቅ አድርገው ያንጠልጥሉት። ወደፊትና ወደኋላ፣ ከዚያም በትንሽ ክብ ያወዛውዙት። እጁ ሲሞቅ ግድግዳ ፊት ይቁሙ። ጣቶቻቸውን እንደ ጉንዳን እያራመዱ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ይውጡ። ሲወጥራቸው እዚያው ይቁሙ፤ አሥር ያህል ይቁጠሩ፤ ይውረዱ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር አሥር ያህል ይበቃል። ዛሬ የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ምልክቱ በየሳምንቱ ከፍ ሲል ሲያዩ ከእኔ ምክር ይልቅ እሱ ያበረታቸዋል። መወጠር ጥሩ ነው። የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ዝቅ ይበሉ። ማንም ጎትቶ አያንሳላቸው።

በሁለት ሦስት ሳምንት ለውጥ ካልታየ ፊዚዮቴራፒ ይሂዱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሪበት። ገና ሲገቡ «ፔስሜከር አለኝ» ይበሉ። ለደረቀ ትከሻ ከሚሰጡ ሕክምናዎች አንዱ ዳያተርሚ የሚባል በሞገድ የሚያሞቅ ማሽን ነው። ፔስሜከር ላለበት ሰው የተከለከለ ነው፤ ሞገዱ ሽቦውን አሙቆ ልብን ሊጎዳ ይችላል። በቆዳ ላይ እየተለጠፉ በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ የሕመም ማስታገሻ መሣሪያዎችም ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ አይደረጉ። በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃና በእጅ የሚሠራ እንቅስቃሴ ይበቃቸዋል።

ምጣዱስ? ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራው ከሸክላው ሥር ያለው ሽቦ ሲግል ነው። ኃይል በብዛት ይስባል፤ ግን የሚሰጠው ሙቀት ነው። ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሊጥ የሚያዞር ሰው ደረቱ ከምጣዱ በቂ ርቀት ላይ ስለሚሆን ፔስሜከሩን አያውከውም። ስቶቩም፣ ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ምጣዳችሁ ይነዝራል? ብዙ ቤት ያረጀ ምጣድ አለ። ጠርዙ ወይም ብረቱ ሲነካ እጅን ነዘር ያደርጋል፤ ሴቶቹም ለምደውት በደረቅ ጨርቅ እየያዙ ይጋግራሉ። ይህ ለማንም ጥሩ አይደለም። ለእናትሽ ደግሞ ድርብ አደጋ ነው። በሰውነት ውስጥ የሚያልፈውን ያንን ትንሽ ኤሌክትሪክ ፔስሜከሩ የልብ ምት መስሎት ሥራውን ለጊዜው ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ እናትሽ ወደ ምጣዱ ከመመለሳቸው በፊት ኤሌክትሪሲያን ጥሩ። የመሬት ሽቦው መኖሩን ያረጋግጥ፤ የተላጠ ገመድ ካለ ይቀይር። ጎረቤቶቻችሁ ስለ ምጣድ መፍራታቸው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም ማለት ነው። የፈሩት ምክንያት ነው የተሳሳተው።

ኢንዳክሽን የሚባለው ጠፍጣፋ ምድጃ ግን የተለየ ነው። እሱ የሚሠራው በማግኔት መስክ ነው። እሱን ከተጠቀማችሁ ደረታቸው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ባይጠቀሙበት ደግሞ ይሻላል።

ሞባይል ስልክ ላይ አንድ ልማድ መቀየር አለባቸው። እናቶቻችን ስልኩንም ቦርሳውንም ደረታቸው ውስጥ ሸጎጥ ያደርጋሉ። ግራ ደረት ላይ ከእንግዲህ ይቅር። ስልክ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሲያወሩም በቀኝ ጆሯቸው ይሁን። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋንና የቦርሳ መዝጊያም እንዲሁ ከደረት ይራቅ። ማግኔት ሲጠጋው ፔስሜከሩ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። የልብን ምት መከታተሉን ትቶ በአንድ ቋሚ ፍጥነት ይመታል። ማግኔቱ ሲርቅ ወደነበረበት ይመለሳል።

እንጀራ ለሆቴል ያስረክባሉ ብለሻል። እንግዲያው በር ላይ ፍተሻ አለ። በበሩ ማሽን ውስጥ ሳይቆሙ በተለመደው እርምጃ ማለፍ ችግር የለውም። ጥበቃው በእጁ የያዘውን መፈተሻ ግን ደረታቸው ላይ አያቁመው። የፔስሜከር ካርዳቸውን አሳይተው በእጅ እንዲፈተሹ ይጠይቁ። ሁለት ሦስት ቀን ከተነገራቸው በኋላ ያውቋቸዋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ልምጣ፤ የሦስት ወሩ ቀጠሮ። «ደህና ነኝ፣ ለምን 500 ኪሎ ሜትር አልፌ እሄዳለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይገባኛል። ወጪው፣ መንገዱ፣ አዲስ አበባ ማረፊያው ሁሉ ከባድ ነው። ግን ቀጠሮው የሚደረገው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሽቦው ልብ ውስጥ ሲሰካ ቦታው ይቆጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብን ለማስመታት የሚያስፈልገው ግፊት ከፍ ይላል። ስለዚህ መሣሪያውን ስንገጥም ለጥንቃቄ ኃይሉን ከፍ አድርገን እንሞላዋለን። በሦስት ወር አካባቢ ቁጣው ይበርዳል፤ የሚያስፈልገውም ይቀንሳል። ያኔ በትክክል ተለክቶ ወደሚበቃው ልክ ይወርዳል። ካልወረደ መሣሪያው በየምቱ ከሚያስፈልገው በላይ እየረጨ ባትሪውን ይበላል። አንድ ፔስሜከር ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። በዚያች አንድ ቀጠሮ መቅረት ምክንያት ከዚህ ላይ ዓመታት ሊጎድሉ ይችላሉ። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ሣጥኑ ይቀየራል፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ ወጪ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ መመለሱ ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ሌላም አለ። ምርመራው የሚደረገው በመሣሪያው አምራች ልዩ ኮምፒውተር ነው። የአንዱ ድርጅት ኮምፒውተር የሌላውን ፔስሜከር አያነብም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የእሳቸውን ዓይነት የሚያነበው ማሽንና ባለሙያው በዚያ ቀን መኖራቸውን አረጋግጡ። ካርዱ ላይ የመሣሪያው ስም፣ ሞዴሉና የተገጠመበት ቀን ተጽፏል። ዛሬ ፎቶ አንሺውና በአንቺም በእህት ወንድሞችሽም ስልክ አስቀምጡት። ካርዱ ቢጠፋ ፎቶው ያድናል። ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይሆናል።

እዚያ ሲደርሱ ዝቅተኛው ምት ስንት ላይ እንደተሞላ ጠይቂና ጻፊው። ብዙ ጊዜ 60 ነው፤ ለሌሊት ዝቅ ተደርጎ የሚሞላም አለ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ አንቺ መከታተል ትችያለሽ። ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ አንጓው ላይ፣ ሁለት ጣት አድርጊ። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ቁጥሩ ከተሞላው በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ሐኪም ጋር ይደወል። ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ፣ አልቆም ያለ ስቅታ ከያዛቸው፣ ወይም ደረታቸው አካባቢ ጡንቻ እየተንቀጠቀጠ ካስቸገራቸው ቀጠሮ አትጠብቁ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት የሚያሳይ ምርመራ፣ አስነሱ። መሣሪያውን የሚያነብ ማሽን በአቅራቢያ ባይገኝ እንኳ ኢሲጂው ብዙ ይናገራል።

ስለ ቁስሉ ምንም አልጻፍሽም፤ ስለዚህ ዳነ ብዬ እወስዳለሁ። ግን ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። አንድ ሰው ቁስሉ አካባቢ አብጦበት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ባለሙያው በቅን ልብ፣ ሊረዳው ብሎ፣ እብጠቱን በመርፌ መጠጠው። በመርፌው ጀርም ገባ። በመጨረሻ መሣሪያውም ሽቦውም መውጣት ነበረበት። ፔስሜከር ያለበት እብጠት በመርፌ አይነካም። ማንም ቢሆን እምቢ በሉ። አካባቢው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ እብጠቱ ከጨመረ፣ ፈሳሽ ከወጣው፣ ቆዳው ሳስቶ ሣጥኑ ሊታይ ከደረሰ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከመጣ የገጠማቸው ሐኪም ይወቅ። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም አይሁን። ለጥቂት ቀን ያስታግስና ኢንፌክሽኑን ይደብቀዋል። ይህ ከዓመታት በኋላም ቢሆን አይለወጥም። እኔ ፔስሜከር ላለባቸው ሰዎች የምፈራው ከስልክም ከምጣድም ይልቅ ይህንን ነው።

እናትሽ ሣጥኑን በቆዳቸው ላይ እየነካኩ የሚያሽከረክሩ ከሆነም ይተዉ። ልማድ ይሆንና ሽቦው ተጠምዝዞ ከልብ ሊወጣ ይችላል። ሌላ ሕመም አሟቸው ሐኪም ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ ምርመራ) ካዘዘ ካርዱን አስቀድመው ያሳዩ፤ የሚፈቀድለት መሣሪያ አለ፣ የማይፈቀድለትም አለ። ራጅ፣ ሲቲ ስካንና አልትራሳውንድ አያስፈራም።

ዘጌ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ መሄድ መፈለጋቸው ራሱ የመዳን ምልክት ነው። በጀልባ ሞተር ምክንያት የሚፈራ ነገር የለም፤ ከሚሠራው ሞተር ላይ ብቻ ደረታቸውን አያስጠጉ። ከጀልባው ፊት በኩል ይቀመጡ። ሲሳፈሩና ሲወርዱ ጀልባው ይወዛወዛል፤ ረዳቱም እጅ ይዞ መሳብ ልማዱ ነው። በግራ እጃቸው እንዳይስባቸው ንገሩት። ቀኝ እጃቸውን ወይም ወገባቸውን ይያዝ። የደኅንነት ጃኬቱን ይልበሱ፤ ማሰሪያው ጠባሳውን ካሻከረ ነጠላቸውን አጥፈሽ ከሥሩ አድርጊ። በመኪና ቀበቶም እንዲሁ፤ ቀበቶ ግን አይተው።

ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው መሃል ሽቅብ ነው። ወራት የተቀመጠ ጉልበት በአንድ ቀን አይወጣውም። ስለዚህ ከአሁኑ በጣና ዳር አራምዷቸው። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ በየጥቂት ቀኑ አምስት አምስት እየጨመራችሁ። 40 ደቂቃ እያወሩ መራመድ ከቻሉ ዳገቱን እያረፉ ይወጡታል። ሜዳ ላይ ደህና ሆነው ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር። ሰው ሲንቀሳቀስ ምቱን ከፍ እንዲያደርግ መሣሪያውን ማስተካከል የሚቻልበት መንገድ አለ።

ስግደትም ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሬት በእጅ መደገፍ አይመከርም ነበር፤ አሁን ትከሻው እስከፈቀደ ድረስ ይስገዱ። ጸበል ይጠጡ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ይጠመቁም። መድኃኒታቸውን ብቻ ለአንድም ቀን አያቋርጡ። ሁለቱ አይጣሉም።

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሩ። ዛሬ ግድግዳው ላይ የመጀመሪያውን ምልክት አድርጉ። ነገ ኤሌክትሪሲያኑ ይምጣ። ምጣዱ ተስተካክሎ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ወንበር አቅርቢላቸው። ውኃውን እናንተ ቅዱ፤ 20 ሊትር ጀሪካን ለጊዜው የእሳቸው ሥራ አይደለም። ቡሃቃውንም እናንተ አንሱ። ሊጡን ግን እሳቸው በቀኝ እጃቸው ያዙሩት፤ ክዳኑን በግራቸው ለመክደን ይሞክሩ፤ ከከበዳቸው አንቺ ክደኝ። ለመጀመሪያው ቀን አሥር እንጀራ ይበቃል። ሲጨርሱ አጠገባቸው ቁጭ በይና ትርታቸውን አብራችሁ ቁጠሩ።